ሁለቱ ሞንቶኮች፦ አሮጌው 17 ይሻላል ወይስ 170ው?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሆናችሁ ያገለገለ የሞተር ጀልባ መፈለግ ከጀመራችሁ፣ ቦስተን ዌለር ሞንቶክ የሚለው ስም ብዙም ሳይቆይ ይገጥማችኋል። በዚህ ስም የሚሸጡት ግን ሁለት የተለያዩ ጀልባዎች ናቸው። አንዱ ከ1970ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መግቢያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሠራ የኖረው፣ ሰዎች ክላሲክ የሚሉት ሞንቶክ 17 ነው። ሌላው እሱን የተካው 170 ነው። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም «17 ጫማ፣ ፋይበርግላስ፣ ከነትሬለሩ» ይላሉ። ፎቶውም ይመሳሰላል። መሪው መሃል ላይ ነው፣ ጠርዙ ዙሪያውን የማይዝግ ብረት መያዣ አለው፣ ከኋላ አንድ ሞተር ተሰቅሏል። ውሃ ላይ ሲወጡ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ልጆች ይዛችሁ ቼሳፒክ ቤይ ላይ የምትወጡ ከሆነ 170ውን ግዙ፤ አታመንቱ። ብቻችሁን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋር ፖቶማክ ወንዝ ላይ የምታጠምዱ ከሆነ፣ መኪናችሁም ብዙ የማይጎትት ከሆነ፣ አሮጌው ይበቃችኋል። እንዲያውም ይሻላችኋል። ከዋጋውም ከዕድሜውም በፊት መታየት ያለበት የት ውሃ ላይ፣ ከማን ጋር እንደምትወጡ ነው።

አለመስመጡ እውነት ነው፣ ግን…

ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። የጀልባው አካል ሁለት የፋይበርግላስ ቆዳ ነው፤ በመሃሉ ያለው ክፍት ቦታ በጠጣር ፎም ተሞልቷል። ይህን አሠራር ይዞ በ1958 ማሳቹሴትስ ውስጥ ገበያ የወጣው ዲክ ፊሸር ነው። በ1961 ላይፍ መጽሔት ላይ የወጣው ፎቶ እስከ ዛሬ ይወራል። ፊሸር ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጀልባው በመጋዝ ለሁለት ሲቆረጥ ያሳያል። ሁለቱም ቁራጭ አልሰመጠም። ዛሬ ፋብሪካው ፍሎሪዳ ኤጅዋተር ከተማ ነው፤ ባለቤቱ ብራንስዊክ የሜርኩሪ ሞተርም ባለቤት ነው። 170ዎቹ ላይ በብዛት ሜርኩሪ ተገጥሞ የምታዩትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የማይሰምጠው ጀልባው ነው። ሰው ይሰምጣል። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፤ ልጆቻችን እዚህ ቢማሩም ጀልባው ላይ አብረው የሚወጡት አያትና አጎት አይችሉም። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይኑር፤ ጓዳ ውስጥ ሳይሆን ሰውነት ላይ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው እየሄደ ጃኬቱን መልበስ ግዴታው ነው። ሁለቱም ሞንቶኮች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከ16 ጫማ በላይ ስለሆኑም ለወደቀ ሰው የሚወረወር ተንሳፋፊ መያዝ አለባቸው። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድም ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መታሰር አለበት።

ቁጥሩ ትንሽ፣ ልዩነቱ ትልቅ

አሮጌው 16 ጫማ ከ7 ኢንች ይረዝማል። ወርዱ 6 ጫማ ከ2 ነው። ባዶው አካል 950 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። 170ው 17 ጫማ ይረዝማል፣ ወርዱ 6 ጫማ ከ10 ነው፣ ክብደቱ 1,400 ፓውንድ አካባቢ ነው። በርዝመት ልዩነቱ 5 ኢንች ነው፤ ምንም ማለት አይደለም። በወርድ 8 ኢንች ነው። በክብደት ደግሞ 450 ፓውንድ።

ስምንቷን ኢንች አትናቋት። አንድ ልጅ «ዓሣ ያዘኝ!» ብሎ ሲጮህ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚያው ወገን ይሮጣል። 170ው ትንሽ ዘንበል ይልና ይቆማል። አሮጌው ለትንሽ ጀልባ በጣም የተረጋጋ ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ግን ጎኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ያ ሁሉ ሰው ሲደገፍበት ውሃው እጅ የሚነካ ያህል ይቀርባል። የአምስት ዓመት ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይህን አስቡ። የ170ው ጎን ከፍ ይላል፤ ልጁ ቁጭ ሲል ግድግዳው ይከልለዋል።

ቀጥሎ ማዕበሉ ነው። ቼሳፒክ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ ንፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ንፋሱ ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ ሲነፍስ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ሳንዲ ፖይንት ስትነሱ መስታወት የመሰለ ውሃ፣ ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ሌላ ፊት ይዞ ይጠብቃችኋል።

አሮጌው ሞንቶክ አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ ነው፤ የፊቱ ሥር ግራና ቀኝ ወጣ ያለ ቅርጽ አለው። ይህ ቅርጽ መረጋጋት ይሰጠዋል፤ በአጭር ሞገድ ላይ ግን ይደበድባል። እያንዳንዱ ምት ጉልበትና ወገብ ላይ ይሰማል። ውሃውንም ይረጫል፤ ንፋሱ ከጎን ከመጣ መሪውን የያዘው ሰው ይበሰብሳል። ፍጥነት ቀንሶ ቆሞ መንዳት የተለመደ መፍትሔ ነው። 170ው ሥሩ የበለጠ ሾል ያለ ስለሆነ ሞገዱን ይቆርጣል፤ ክብደቱም ይረዳዋል። ያው 17 ጫማ ነው፣ መርከብ አይደለም። ይሁንና ከባለቤታችሁና ከሁለት ልጆች ጋር ወደ ራምፑ (ጀልባ ከትሬለር ወደ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት) ስትመለሱ ሰው ሳይኮራረፍ ትደርሳላችሁ።

ወንዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከግራቭሊ ፖይንት ተነስታችሁ ፖቶማክ ላይ በምትዞሩበት ቀን ሞገዱ እምብዛም ነው። እዚያ የአሮጌው ቀላልነት ጸጋ ይሆናል። በተመሳሳይ 90 ፈረስ ጉልበት 170ውን ጥቂት ማይል ይቀድመዋል፣ ቶሎ ይነሳል፣ ለተመሳሳይ መንገድ ያነሰ ቤንዚን ይበላል። በ70 ፈረስ ጉልበት እንኳ ያለ ችግር ይሄዳል።

የምትፈልጉት ዓሣም ውሃችሁን ይወስናል። ቤዩ ዓለም ያወቀው በሸርጣን ነው፤ ፖቶማክ ደግሞ ዛሬ በሰማያዊ ካትፊሽ ተሞልቷል። ብዙ ቤታችን ግን ሸርጣንም፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣም አይገባም። ስለዚህ የኛ ሰው ልቡ ሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስ) ላይ ነው፤ ቅርፊት ያለው፣ ለጥብስም ለዱለትም የሚሆን። ሮክፊሽ ደግሞ ሰፊው ቤይ ውስጥ፣ በቤይ ብሪጅ ምሰሶዎች ዙሪያ ይፈለጋል። የሚጠመድበት ወቅትና የሚፈቀደው መጠን በሕግ ስለሚወሰን ከመውጣታችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ እዩ። ዓላማችሁ እሱ ከሆነ ግን ውሃችሁ ክፍት ውሃ ነው፣ ጀልባችሁም 170ው ነው።

መኪናችሁ ይጎትተዋል?

ብዙ ሰው ጀልባውን ከገዛ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረበት።

እስኪ እንደምር። አሮጌው 950 ፓውንድ፣ ሞተሩ 300 ገደማ፣ 12 ጋሎን ቤንዚን 70 ገደማ፣ ባትሪና መልህቅ እንዲሁም ዕቃ 150፣ ትሬለሩ 500። ወደ 2,000 ፓውንድ ይጠጋል። 170ው 1,400፣ ባለ አራት ምት (ፎር ስትሮክ) ሞተሩ 360 ገደማ፣ 25 ጋሎን ቤንዚን 150፣ ዕቃው 150፣ ትሬለሩ 700። ወደ 2,800 ይደርሳል።

አሁን መኪናችሁን እዩ። የ2021 እና ከዚያ በኋላ የወጣ ቶዮታ ሲየና ሃይብሪድ የተፈቀደለት 1,500 ፓውንድ ነው። ራቭ ፎር ሃይብሪድ (የ2019ኙ ቅርጽ) 1,750 ነው። ሁለቱም አሮጌውን እንኳ አይችሉም። «እኔ ጎትቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው አይጠፋም። ከራምፕ ላይ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ፣ 2,000 ፓውንድ ወደ ኋላ ሲስብ ነው ልዩነቱ የሚታወቀው። ሃይላንደር ሃይብሪድ 3,500 ይጎትታል፤ ሁለቱንም ይችላል። ቪ6ቱ ሃይላንደር 5,000 ነውና ጭራሽ አያስጨንቅም። 170ውን ከፈለጋችሁ ቢያንስ 3,500 የሚል መኪና ይኑራችሁ። ከሙሉ ክብደት ጋር 3,000 ፓውንድ የሚያልፍ ትሬለር ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ፍሬን ይጠይቃሉ፤ 170ው ከቤተሰብ ዕቃ ጋር እዚያው ድንበሩ ላይ ነው። ፍሬን ያለውን ትሬለር ምረጡ።

ማቆሚያውንም አትርሱ። ታውንሃውስ የምትኖሩ ከሆነ የሰፈሩ ማኅበር ጀልባ ደጅ ማቆም ይከለክል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጋራዥ ውስጥ ለማስገባት ካሰባችሁ የትሬለሩን ምላስ ጨምራችሁ ለኩ። ብዙ ጋራዥ 20 ጫማ ነው ጥልቀቱ፤ ምላሱ የማይታጠፍ ከሆነ ሁለቱም አይገቡም።

ፎሙ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

አሮጌውን የምትመርጡ ከሆነ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። 30 እና 40 ዓመት የሞላው ጀልባ ላይ ባለቤቶች ሲፈራረቁ ወንበር ይነቀላል፣ የዘንግ ማስቀመጫ ይበሳል፣ የዓሣ መፈለጊያ ይገጠማል። እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ወደ ፎሙ ይገባል። የገባ ውሃ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። ጀልባው አይሰምጥም። ይከብዳል እንጂ። ከውስጥ ያለው እንጨትም ይበሰብሳል፤ በተለይ ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ።

ከጓደኛዬ ጋር አንድ የ1980ዎቹ ሞንቶክ ለማየት ሄደን ነበር። ሲታይ ያምራል፤ ታጥቦ፣ በሰም ተወልውሎ። የወንበሩን እግር የያዘችውን አንዷን ብሎን በሻጩ ፈቃድ ፈታናት። ብሎኗ ዝጋ ነበር የወጣችው። ከቀዳዳው ሻይ የመሰለ ቡናማ ውሃ ቀስ እያለ ፈለቀ፣ ሞላ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሻጩም ደነገጠ። እሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም። አመስግነን ሄድን።

ከብሎኑ የበለጠ እርግጠኛው ግን ሚዛን ነው። ከኛ ሰው መካከል ትራክ የሚነዳ ወዳጅ የሌለው ማን አለ? ካት ስኬል የት እንዳለ ጠይቁት፤ ትራክ ማረፊያዎች ላይ ያለው ትልቁ ሚዛን ነው። ጀልባውን ከነትሬለሩ መዝኑ። ጀልባው ለሙከራ ውሃ ላይ ሲወርድ ባዶውን ትሬለር መዝኑ። ልዩነቱ ላይ የሞተሩን፣ የቤንዚኑን፣ የባትሪውንና የዕቃውን ቀንሱ። የቀረው ወደ 950 ከተጠጋ ደስ ይበላችሁ። 1,250 ካለ 300 ፓውንድ ውሃ እየገዛችሁ ነው። ጥቂት ዶላር የምታስከፍል ሚዛን ሺዎችን ታድናለች።

የኋላ ግድግዳውን ለመፈተሽ ሞተሩን ከታች ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ ወይም በሞተሩ ቡሎኖች ዙሪያ ስንጥቅ ካለ፣ እንጨቱ ሄዷል። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ ጤነኛው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ። ከዚያ የውሃ ማስወጫ ቱቦዎቹን እዩ። አሮጌዎቹ ላይ ከነሐስ የተሠሩ ናቸው፤ ሲበሉ ውሃው በቀጥታ ወደ እንጨቱና ወደ ፎሙ ይሄዳል። ቱቦው ራሱ ርካሽ ነው። ሳይቀየር የቆየበት ዘመን ነው ውድ የሚያደርገው።

170ው በዕድሜ ልጅ ቢሆንም ከምርመራ አያመልጥም። የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የጠርዞቹን ስንጥቅ፣ የወለሉን ክዳኖች ተመልከቱ። ክብደቱንም መዝኑት፤ ሚዛን አያዳላም።

ሞተሩ

ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ ዋናው ገንዘባችሁ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ዛሬ ከ70 እስከ 90 ፈረስ ጉልበት ያለው አዲስ ባለ አራት ምት ሞተር ከነማስገጠሚያው ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ «ጀልባው 5,000 ብቻ ነው፣ ሞተሩ ትንሽ ሥራ ይፈልጋል» ሲሏችሁ ዋጋው 15,000 መሆኑን ዕወቁ። በዚያ ገንዘብ ደህና 170 ከነሚሠራ ሞተሩ ልታገኙ ትችላላችሁ። አሮጌውን ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ስሌቱ የሚፈርስበት እዚህ ላይ ነው።

አሮጌው የተነደፈው 300 ፓውንድ ለሚመዝኑ ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተሮች ነው። ከባድ ባለ አራት ምት ሲሰቀልበት፣ ባትሪና ታንክም ኋላ ሲቀመጥ፣ ጀልባው ቂጡ ላይ ይቀመጣል፤ ቆሞ እያለ በማስወጫው ቱቦ ውሃ ተመልሶ ይገባል። ብዙ የክላሲክ ባለቤቶች ያማሃ ኤፍ70ን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ክብደቱ ከ260 ፓውንድ በታች ነው፤ ለዚህ ጀልባ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር የተገጠመለት፣ ፎሙ ደረቅ የሆነ ክላሲክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ባለ ሁለት ምት ከሆነ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን (የውስጥ ግፊት) አስለኩ። ቁጥሮቹ ከ10 ፐርሰንት በላይ መራራቅ የለባቸውም። የማርሹ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩ ሲነሳ የማቀዝቀዣው ውሃ በትንሿ ቀዳዳ ጠንክሮ መውጣት አለበት። ቤዩ ጨው ስላለበት ባለቤቱ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውሃ ያጥብ እንደነበር ጠይቁ፤ መልሱን ሞተሩ ሥር ባሉት ብሎኖች ላይ ታነቡታላችሁ።

ታንኩን በተመለከተ አሮጌው ቀላል ነው። ወንበሩ ሥር የሚቀመጥ፣ ወጥቶ የሚታጠብ፣ ከፈሰሰ በሰዓታት የሚቀየር ታንክ ነው። የ170ው ቋሚ ነው። ብዙ ይይዛል፣ ሩቅ ያስኬዳል፤ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦበት ከሆነ ግን ችግሩ ከሥሩ ነው። የነዳጅ ማጣሪያውን አውጥታችሁ ውስጡ ውሃ እንዳለ እዩ። የትሬለሩን ኩሽኔታ ደግሞ ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት። ከጮኸ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይቀየር፤ 95 አውራ ጎዳና ላይ ጎማ የወለቀበት ትሬለር መቆሚያ የለውም።

ወረቀቱና ወቅቱ

ሜሪላንድ በጀልባው ዋጋ ላይ 5 ፐርሰንት ታክስ ትወስዳለች፤ ቨርጂኒያ 2 ፐርሰንት። 12,000 ዶላር በሆነ ጀልባ ላይ 600 እና 240 ማለት ነው። ትሬለሩ የራሱ የባለቤትነት ወረቀት አለው፤ «ወረቀቱን በኋላ እልክልሃለሁ» የሚል ሻጭን አትቀበሉ። ኋላ ግድግዳው ላይ በቀኝ በኩል የተጻፈው የአካል ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ጀልባ ለመንዳት የደህንነት ትምህርት ማስረጃ ያስፈልገዋል። በኢንተርኔት የሚወሰድ ኮርስ አለ። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁም ውሰዱት።

ለመግዛት የምመክረው ወቅት ኦክቶበር ነው። ሻጩ ሌላ ክረምት የማቆሚያ ኪራይ መክፈል አይፈልግም፣ ገዢውም ሳስቷል፤ ድርድሩ ወደናንተ ያጋድላል። ግን ሞተሩ ለክረምት ተዘግቶ ፀረ በረዶ ከመጠጣቱ በፊት ድረሱ። ጀልባው ውሃ ላይ ወርዶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተነድቶ፣ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚሠራ ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። ሻጩ «ዝም ብለህ እመነኝ» ካለ፣ ኤፕሪል ላይ ሌላ ሞንቶክ ይወጣል።